ከቤት ርቆ መማር፦ «መቼ ነው የምለምደው?» ለምትሉ ሁሉ

ከቤት ርቀው ለመማር የሄዱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «መቼ ነው የምለምደው?» ይላሉ። ሲኒየር ከሆንኩ ወዲህ ብዙ ልጅ ጠይቆኛል። አንዳንዱ ፊት ለፊት ይጠይቃል፣ አንዳንዱ እኩለ ሌሊት ላይ መልእክት ይልካል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን ሳያወጣው ስለ አልጋው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ መምህሩ አነጋገር ሲያማርር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ዝም ይላል። ያኔ ምን ሊጠይቀኝ እንደፈለገ ይገባኛል። እኔም በጊዜዬ ጠይቄያለሁ። ያገኘሁት መልስ «አይዞሽ፣ ጊዜ ይፈታዋል» የሚል ነበር።

በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን አይበቃም። ጊዜ ብቻውን የሚፈታው ነገር የለም። በር ዘግቶ ስልክ ሲነካኩ የሚያልፍ ወርም ወር ነው፣ ከሰው ጋር ሲበሉና ሲያወሩ የሚያልፍ ወርም ወር ነው፤ ሁለቱ ግን ሰውን እኩል ቦታ አያደርሱትም። እኔ እስካየሁት ድረስ አዲስ ቦታን የሚያስለምደው ከተመሳሳይ ሰዎች ጋር፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ደጋግሞ መገኘት ነው። በቃ። ድፍረት አይጠይቅም፣ ተግባቢ ሆኖ መፈጠርም አይጠይቅም። ዛሬ ይህን በሰፊው መጻፍ ፈለግኩ፤ ምክንያቱም አንደኛ ዓመት ያሉ ልጆች ጥፋቱ የራሳቸው ባሕርይ እየመሰላቸው ሲጎዱ ማየት ያመኛል።

መጀመሪያ ስለ ናፍቆቱ እናውራ።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው ስለ አገር ቤት ናፍቆት ነበር። እንደ በሽታ ነው ያየው። ከመዘገባቸው ሰዎች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ወጣት ነው። በርንና ባዝል ዛሬ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናቸው። ልጁ ግን ከሐዘን ብዛት ታመመ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ጉልበቱ አለቀ፣ ሊሞት ነው ተብሎ ተፈራ። ወደ ቤቱ ይወሰድ ተባለ። ይህን ሲሰማ ትንፋሹ ቀለል አለው፤ ከከተማው ትንሽ ራቅ ሲሉ ሕመሙ እየተወው ሄደ፤ በርን ሳይደርስ ዳነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው፣ ናፍቆት በኪሎ ሜትር አይለካም። ጎረቤት ከተማ የሚማር ልጅ ሲከፋው «አንተ እኮ ቅርብ ነህ፣ እኛ ምን እንበል» የሚሉ አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ማታ አልጋው ላይ ሲጋደም አብሮት የሌለው ሰው የሁለት ሰዓት መንገድም ይራቅ የሁለት ቀን፣ ያው የለም። ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርመኛል። ልጁ የዳነው መንገድ ላይ ነው፤ ገና እናቱን ሳያይ። መመለስ እንደሚችል ማወቁ ብቻ በቃው። ስለዚህ ለአዲስ ተማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ቀጥሎ ቤት የሚሄድበትን ቀን ዛሬውኑ እንዲያውቀው ነው። ሩቅም ይሁን፣ ወራት ይቅሩት፣ ቀኑ ይታወቅ። መጨረሻው የማይታወቅ ርቀትና ቀን የተቆረጠለት ርቀት በጣም የተለያዩ ናቸው።

ናፍቆት ከሐዘን ሌላ የሚያመጣው ነገር እንዳለ ብዙዎች አያውቁም። ሰውን ዝንጉ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሸርሊ ፊሸርና ብሩስ ሁድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎችን ከመግባታቸው በፊትና በኋላ ተከታትለው ነበር። ቤታቸው በጣም የናፈቃቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሐሳባቸው እንደሚበታተንና ነገር እንደሚረሱ ተናግረዋል። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምንም አለመያዝ፣ ቁልፍ ውስጥ ትቶ በር መዝጋት፣ መምህሩ ሲጠይቅ የቱ ምዕራፍ ላይ እንደተደረሰ አለማወቅ፤ ይህን ሁሉ አዲስ ተማሪ «ለካ ጎበዝ አልነበርኩም» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ጉብዝናው የትም አልሄደም። ጭንቅላቱ ሁለት ቦታ እየኖረ ስለሆነ ደክሞት ነው።

ጥናቱ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ የሚመላለሱት ተማሪዎችም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጭንቀታቸው ጨምሮ ነው የተገኘው። እንግዲህ የሚከብደን ሁሉ ከቤት መራቁ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የራሱ የትምህርቱ ለውጥ አለበት፤ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ድንገት ሁሉም አንደኛ የነበሩበት ክፍል ውስጥ ይገኛል። ቤት ሄጄ ብመለስ ይሻለኛል ብላችሁ የምታስቡት ነገር ምናልባት ቤት ሆናችሁም የሚገጥማችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ሰው ጓደኛ ያገኘ ይመስላል። ካፌ ስትገቡ ጠረጴዛው ሁሉ በቡድን ተሞልቷል፣ ሳቁ ይሰማል፣ ፎቶው ይለጠፋል። እናንተ ብቻ የቀራችሁ ይመስላችኋል። እኔ ትሪዬን ይዤ የት ልቀመጥ እያልኩ ስቆም የነበረውን ስሜት እስካሁን አልረሳውም፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ከእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ ከነበሩት ጋር ስንቀራረብ ግን ብዙዎቹ ያኔ እርስ በርስ ስም እንኳ በደንብ እንደማይተዋወቁ ነገሩኝ። ብቻቸውን መብላት ፈርተው የተጠጋጉ ነበሩ።

ጓደኝነት እንዴት እንደሚጀመር ካነበብኳቸው ሁሉ እጅግ የማረከኝ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር ጓደኛ እንደሆነ አጠኑ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ። ተማሪዎቹ ቤታቸውን የመረጡት በጎረቤት አልነበረም፤ ክፍት ቤት ሲገኝ በተራ የተሰጣቸው ነው። ታዲያ በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ከሚኖሩት ውስጥ 41 በመቶው እርስ በርስ እንደ ቅርብ ጓደኛ ተጠራሩ። በዚያው ፎቅ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ላይ የሚኖሩት ግን 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ኮሪደር ነው እኮ። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ፣ ሰው ሁሉ በበራቸው ስለሚያልፍ፣ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋርም ተዋወቁ።

ይህ ለዓይን አፋር ሰው ትልቅ የምሥራች ነው። ሄዶ ሰው ማናገር የሚከብደው ልጅ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ መቀመጥ ግን አይከብደውም። በሩን ገርበብ አድርጎ ማጥናት ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ከሚበላ ካፌ ሊበላ ይችላል። ላይብረሪ ሲሄድ በየቀኑ ቦታ ከመቀያየር አንድ ጥግ መያዝ ይችላል። እኔን ያወጣኝ ይኸው ነው። ላይብረሪ ውስጥ መስኮት ዳር አንድ ወንበር ነበረች፣ ማታ ማታ እሷ ላይ እቀመጥ ነበር። ፊት ለፊቴ ሁልጊዜ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ለሳምንታት ከአንገት ሰላምታ ሌላ ምንም አላወራንም። አንድ ቀን ቻርጀር ጠየቀችኝ። ሌላ ቀን ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ ቦርሳዬን ጠብቂልኝ አለች። ከዚያ አብረን መውጣት ጀመርን። ዛሬ ከቤተሰቤ ቀጥሎ የምጠራት ሰው እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን ቃል ለመናገር ግን ሁለታችንም ምንም ድፍረት አላወጣንም። ቦታውና ሰዓቱ ነው ያገናኘን።

ይህን ስል ግን ሌላውን ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ ጊዜ ይፈጃል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ሆል የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት ሰዎች አብረው ስንት ሰዓት ሲያሳልፉ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይገምታል። ከጥናቱ ተሳታፊዎች መካከል አዲስ ገቢ ተማሪዎችም ነበሩበት። ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ጓደኛዬ ለማለት 90 ሰዓት ገደማ፤ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። እስቲ እናስላው። ከአንድ ሰው ጋር በየቀኑ አንድ ሰዓት ብታሳልፉ እንኳ 50ው ሰዓት የሚሞላው ሁለት ወር ሊሆን ሲቃረብ ነው። 200ው ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። አንድ ልጅ ገና በሁለተኛው ሳምንት «እዚህ የልብ ጓደኛ የለኝም» ብሎ ሲያለቅስ ይህን ሒሳብ ባሳየው ደስ ይለኛል። ሊኖረው አይችልም። ማንም የለውም። ቤት የተዋቸው ጓደኞቹ ጋር ያንን ሰዓት የሞላው በልጅነቱ፣ ሳይቆጥር ነው።

ሆል ያስተዋለው ሌላም ነገር አለ፤ ሰዓቱ ሁሉ እኩል አይቆጠርም። ሥራ ላይ አብሮ መዋል ብቻውን ያን ያህል አያቀራርብም። አብሮ መብላት፣ መጫወት፣ ያለ ጉዳይ ማውራት ነው የሚያቀራርበው። ስለዚህ ሌክቸር ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ጥሩ ነው፤ ከክፍል ሲወጡ አብሮ መንገድ መሄዱ ግን ይበልጣል። «አንድ አሳይመንት ሠራን፣ ከዚያ ተለያየን» የምትሉ ልጆች፣ አሳይመንቱ ካለቀ በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አትልቀቋት።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እኛ ራሳችን ነን። አንድን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ካወራን በኋላ ክፍላችን ገብተን የተናገርነውን ሁሉ እናመነዥካለን። «ለምን እንደዚያ አልኩ? ሰለቸችኝ ብላ ይሆን?» እንላለን። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት ሰዎች አዲስ ሰው ካወሩ በኋላ ያ ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው አሳንሰው ነው የሚገምቱት። አብረው በሚኖሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከልም ይህ የተሳሳተ ግምት ለወራት ቆይቶ ተገኝቷል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ክፍል ሁለት ልጆች ተኝተዋል፣ እያንዳንዷ «አልወደደችኝም» ብላ እያሰበች ነው፣ ሁለቱም ተሳስተዋል።

አሁን ስለ ስልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው እዚህ ነው።

«ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «አዎ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» «ገንዘብ አለሽ?» «አለኝ።» ከዚያ ስልኩ ይዘጋል፤ ከአራቱ መልስ ውስጥ ስንቱ እውነት እንደነበር ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የምንደብቀው ስለምንወዳቸው ነው። እናት ሩቅ ሆና ምንም ማድረግ የማትችለውን ነገር ሰምታ ለምን እንቅልፍ ትጣ? ይህ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ግን በዚህ መንገድ አንድ ዓመት ሲኬድ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ልጅና ዶርም ውስጥ የሚኖረው ልጅ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ። ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ሰው ከመቼውም የበለጠ ብቻውን ይሆናል፤ አሁን ያወራው እንኳ እሱ አይደለማ።

ቤተሰብም በተራው ይደብቃል። አያቴ ታመው ሆስፒታል ገብተው እንደነበር የሰማሁት ከወጡ በኋላ ነው። «ፈተና ላይ ስለነበርሽ እንዳትረበሺ ብለን ነው» ተባልኩ። ዳኑ፣ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላም አልነበረኝም። እናቴ «ሁላችንም ደህና ነን» ባለች ቁጥር ድምጿን መመርመር ጀመርኩ። ከኋላዋ ዝምታ ሲሰማኝ ማን ጎደለ እላለሁ። ስልክ ያለ ሰዓቱ ሲጮህ ልቤ ይወድቃል። እንዳልረበሽ ተብሎ የተደበቀው ነገር ከነገሩኝ በላይ ረበሸኝ። እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሩቅ ላለ ልጅ ክፉ ወሬ ይነገረው። ፈተና ቢኖርበትም ይነገረው። ልጁ ማልቀስና መደወል ይችላል፣ ከፈለገም መሄድ ይችላል፤ ያልተነገረው ልጅ ግን ከዚያ በኋላ ደህና ነን መባልን ማመን አይችልም። ይህን የሚያነብ ወላጅ ካለ ለልጁ ብሎ ያስብበት።

ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የሆነ ነገር ካለ በዚያው ቀን ይነግሩኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ከባድ ነበር። «ዛሬ ከፍቶኛል» ብዬ ስነግራት ወዲያው መፍትሔ ታዥጎደጉድ ነበር፤ ተመለሺ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ለአጎትሽ ልደውል። ቀስ በቀስ ግን ማዳመጥ ለመደች፤ እኔም መስማቷ ብቻ እንደሚበቃኝ መናገር ለመድኩ። አሁን ጥሪያችን ረዘም ይላል። አንዳንዴ ስለ ምንም ነገር እናወራለን፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሥራዋን ትሠራለች፣ እኔም የራሴን እሠራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ስልክ መኖሪያ ሊሆንም ይችላል። ከክፍል ወጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ከቤት ጓደኞች ጋር በቪዲዮ የሚያወራ ልጅ አካሉ ብቻ ነው የመጣው። እነዚያን ከላይ የቆጠርናቸውን 50 ሰዓቶች ከማን ጋር ሊሞላቸው ነው? የቤት ሰው ይጠራ፣ ይናፈቅ፣ ግን ሰዓት ይኑረው። ካፌ ክፍት በሆነበትና ሰው ሁሉ ወጥቶ በሚቀመጥበት ሰዓት ስልክ ይቆይ።

ሕመም ላይ ብዙ አልልም፤ ታሞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ትኩሳት ይዟችሁ ውኃ የሚያቀብል ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ መተኛት ሰውን ወደ ሕፃንነት ይመልሰዋል። ያቺ የላይብረሪዋ ልጅ ናት ሌሊት ክሊኒክ የወሰደችኝ። ሳትታመሙ በፊት ክሊኒኩ የት እንዳለና ሌሊት ማን እንደሚከፍት እወቁ፤ ለአንድ ሰው ደግሞ «ከታመምኩ እደውልልሻለሁ፣ ከታመምሽ ደውዪልኝ» በሉ። ይህን መነጋገር ያሳፍራል፤ ግን ሌላውም ሰው እንዲነገረው እየጠበቀ ነው።

ገንዘብም እንዲሁ። ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከተረፉት የተማሪ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ለወላጅ የተጻፉ የገንዘብ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንዲያውም እንዴት ተደርጎ እንደሚጠየቅ የሚያሳዩ የናሙና ደብዳቤዎች ይዘጋጁ ነበር። ስለዚህ ወር ሳያልቅ ገንዘብ ያለቀበት ተማሪ የመጀመሪያው አይደለም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጓደኞቻችሁ ውጪ እንብላ ሲሉ «ዛሬ ገንዘብ የለኝም» በሉ። ሰበብ ፈልጋችሁ ከቀራችሁ ሦስተኛው ጊዜ ላይ መጥራት ያቆማሉ፤ የጎደለው ገንዘብ ሆኖ ሳለ የፈለጋችሁት መራቅ ይመስላቸዋል።

ስለ ጥናት ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ከዚሁ ከሰው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ቤት እያለን የሚቀሰቅሰን፣ አጥኑ የሚለን፣ ስንዘገይ የሚቆጣን ነበር። እዚህ ለአንድ ወር ክፍል ባንገባ የሚያንኳኳ የለም። ነፃነቱ ደስ ይላል፤ ፈተና ሲደርስ ግን ያስደነግጣል። ያኔ ሁሉም ደብተሩን ደጋግሞ ማንበብ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አስጠንተው አወዳደሩ። ገሚሱ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ገሚሱ አንብቦ ዘጋና የያዘውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በልጠው ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን የሚያስመስለን ለዚህ ነው፤ ማታ የሚሸኘን እንጂ ፈተና ቀን የሚያደርሰን አይደለም። ሁለት ሆኖ ደብተር ዘግቶ መጠያየቅ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ትምህርቱ ይያዛል፣ ሰዓቱም ይቆጠራል።

እንቅልፍ ላይ ደግሞ አንድ የራሴ ሕግ አለኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለ ሕይወቴ ምንም አልወስንም። ትምህርት ማቋረጥ፣ ዲፓርትመንት መቀየር፣ ከሰው መጣላት፣ ሁሉም እስኪነጋ ይቆያል። ሌሊት ላይ እውነት የመሰለኝ ብዙ ነገር ቁርስ ከበላሁ በኋላ አልቀጠለም።

የቀጠለ ካለ ግን መስማት ያስፈልጋል። ሳምንታት አልፈው አሁንም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካልወረደ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተ፣ መኖር ካስጠላ፣ ይህ «ይለምዳል» የሚባልበት ነገር አይደለም። ግቢው ውስጥ አማካሪ ካለ አማካሪ ጋ፣ ከሌለ ክሊኒክ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ አጠገባችሁ ላለ አንድ ሰው በቃል መናገር ያስፈልጋል። ዓመቱን አቋርጦ ወይም ወደ ቅርብ ትምህርት ቤት ተዛውሮ መመለስም አለ። የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ፤ ዛሬ ተመርቀው ሥራ ላይ ናቸው። መመለስ ሽንፈት ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም፤ ብዙ ልጆችን ከአቅማቸው በላይ አስጨንቋል።

ስለ ረፍት ጊዜ ሰው አስቀድሞ አይነግራችሁም። ግማሹ ተማሪ ሻንጣውን ይጎትትና ይሄዳል። መንገዱ ሩቅ የሆነበት ወይም ትኬት ያልቻለ ይቀራል። ኮሪደሩ ጭር ይላል፣ ካፌው በግማሽ ይሠራል፣ ቀኑ አይመሽም። እኔ ግን በጣም የማልጠብቃቸውን ሰዎች የተዋወቅኩት ያኔ ነው። ከቀሩት ጋር በሌላ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንቀመጥም ነበር፤ ሰው ሲያንስ ግን ሁሉም ይጠጋጋል። ከቀራችሁ ማታ መብራት የሚታይበትን በር አንኳኩ።

ቤት የሄዱትም ቢሆኑ የሚጠብቃቸው ነገር አለ። ለወራት ያሰብኩት ቤት ስደርስ እናቴ የምትሰስተውን ጥሩ አንሶላ አውጥታ አነጠፈችልኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚነጠፈውን። ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን አንሶላው ላይ ተቀምጬ ምን እንደሚሰማኝ አላወቅኩም። ታናሽ እህቴ ጠረጴዛዬን ወስዳዋለች። ምሳ ላይ ሁሉም የሚስቁበት፣ እኔ ያልነበርኩበት ቀልድ አለ። ጓደኞቼ እኔ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ይጠራሉ። ይህም የታወቀ ነገር ነው፤ ጉላሆርን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ሩቅ ሄዶ የተመለሰ ሰው ሲሄድ ያለፈበትን ዓይነት ውጣ ውረድ ሲመለስም እንደሚያልፍበት ጽፈዋል። እዚያም እንግዳ፣ እዚህም እንግዳ መሆን ይመስላል። ሁለት ሦስት ቀን ስጡት። ቤተሰቡም እናንተ የሌላችሁበትን ጊዜ መኖር ነበረበት፤ እናንተም እነሱ ያላዩትን ኖራችኋል። ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሥራ አግዙ፣ ቀልዱን አስነግሩ። እዚያም ቢሆን የሚሠራው ያው አብሮ የሚቀመጡት ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለሲኒየሮች ነው። ዋልተንና ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት አለ። በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከእነሱ የቀደሙ ተማሪዎች የተናገሩትን አስነበቧቸው፤ መጀመሪያ ላይ እዚህ ቦታ የለኝም የሚል ስሜት ብዙዎችን እንደሚያስጨንቅና ከጊዜ ጋር እንደሚያልፍ የሚገልጽ ነበር። ከዚያ በራሳቸው ተሞክሮ እንዲጽፉበት ተደረገ። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል የፈጀ ነገር ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎቹ በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት ያንን ካላገኙት ጓደኞቻቸው የተሻለ ውጤት አመጡ። አንድ ሰዓት፣ ከሲኒየር የተሰማ እውነተኛ ቃል ይህን ያህል ከሠራ፣ እኛ ግቢ ውስጥ በየቀኑ ከእነዚህ ልጆች ጋር የምንተላለፍ ሰዎች ምን ያህል ልንሠራ እንደምንችል አስቡት።

ስለዚህ አዲስ ገቢዎች ሲመጡ «ይለምድሃል» ብላችሁ አትለፏቸው። የናንተን የመጀመሪያ ወር ንገሯቸው፣ ያለቀሳችሁበትን ጭምር። ለምሳ ጥሯቸው። እምቢ ይላሉ፤ «አጥንቻለሁ፣ በልቻለሁ፣ ሌላ ጊዜ» ይላሉ፤ የጠራችኋቸው ለይሉኝታ መስሏቸው ነው። በማግስቱ ሂዱና እንደገና ጥሯቸው።